የእንግሊዝኛ አጭር ልቦለድ ኖት አያያዝ፦ ታሪኩን ሳይሆን መታጠፊያውን

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ እህቴ ደብተሯን ይዛ ክፍሌ ገባች። 11ኛ ክፍል ናት፣ እዚሁ ደሴ፣ ያው ብርዱ ነው ጋቢ ተከናንባ ነበር፣ "ይሄን ሁሉ ጽፌ ከ10 ሦስት ብቻ" አለችና ደብተሩን አልጋው ላይ ወረወረችው። ገልጬ ሳየው ሳቄ መጣ፣ በሷ አይደለም በራሴ ነው፣ እኔም በሷ እድሜ ልክ እንደዛ ነበር ማደርገው። ስድስት ገጽ ሙሉ ታሪኩን በራሷ እንግሊዝኛ ደግማ ጽፋዋለች፦ ሴትየዋ ግብዣ ተጠራች፣ ሐብል ተዋሰች፣ ጠፋባት፣ አስር አመት እዳ ከፈለች፣ አለቀ። ቴስቱ ላይ የመጣው ግን "ምን ሆነ" አይደለም፣ "ደራሲው መጨረሻውን አስቀድሞ የጠቆመበትን ሁለት ቦታ ጥቀሱ" ነው። በስድስቱ ገጽ ውስጥ አንዱም የለም።

እኔ ተመርቄ አሁን ኮምቦልቻ ነው ምሰራው፣ ቅዳሜና እሁድ ደሴ ስመጣ ለሰፈር ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ ስለዚ ከእህቴ ጋ ቁጭ ብለን ከዜሮ የሰራነውን ነው እዚ ማስቀምጥላችሁ። 9ኛም ሁኑ 12ኛ ወይ ፍሬሽማን አሰራሩ ያው ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ልጀምር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ሰው መንገዱን ሲነግራችሁ ሜትር በሜትር አይቆጥርላችሁም። "እዛ ጋ ይታጠፋል፣ ከዛ ገደሉ ይታያል፣ ከዛ በኋላ ብርዱ ይጀምራል" ነው ሚለው። የአጭር ልቦለድ ኖትም በቃ እሱ ነው። ሙሉ መንገዱ ሃንድአውቱ ላይ አለ፣ እናንተ ምትይዙት ሚታጠፍበትን ቦታ ነው፣ እና እዛ ጋ እንደታጠፈ በምን እንዳወቃችሁ።

መጀመሪያ፦ ኮፒውን አዘጋጁት

ይሄን ብዙ ሰው ይንቀዋል ግን ግማሽ ስራው እሱ ነው። ታሪኩን ስልክ ላይ በፒዲኤፍ ብቻ አትያዙት፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሲያልቅ ጥናቱም አብሮ ያልቃል፣ ደግሞ ስልክ ላይ ማስመር ምናምን አይመችም፣ ቴሌግራም ሲጠራችሁ ሄዳችሁ ትቀራላችሁ። ፎቶ ኮፒ አስደርጉት፣ በአንድ በኩል ብቻ ይታተም፣ ጀርባው ባዶ ሆኖ ለናንተ ጽሁፍ ይሁን። ገንዘቡ ከከበዳችሁ ሁለት ሶስት ሆናችሁ አንድ ኮፒ ያዙ፣ በእርሳስ እስካሰመራችሁ ድረስ ይጠፋል።

ከዛ ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱን ፓራግራፍ ቁጥር ስጡት፣ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ እስከ መጨረሻው በጠርዙ ላይ። አምስት ደቂቃ ነው ሚፈጀው። ለምን መሰላችሁ፣ ያንዱ ኮፒ ስድስት ገጽ ነው ያንዱ አራት ነው የመማሪያ መጽሐፉ ሌላ ነው፣ "ገጽ 3 ላይ" ስትሉ ማንም አያገኘውም። ፓራግራፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ኖታችሁ ላይ ከማንኛውም ነገር አጠገብ "ፓ.14" ብላችሁ ካልጻፋችሁ ያ ነገር ማስረጃ አይደለም፣ ወሬ ነው።

ደብተር አንድ ለብቻው፣ ባለ 50 ሉክ ይበቃል፣ ከግራመር ኖት ጋ አትቀላቅሉት። እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶ። ሃይላይተር አያስፈልግም ባይ ነኝ፣ ሃይላይተር የያዘ ልጅ ሙሉ ገጹን ቢጫ አድርጎት ነው ሚነሳው፣ ሁሉም ከተሰመረ ምንም አልተሰመረም ማለት ነው።

አንደኛ ንባብ፦ እስክሪብቶ ሳትይዙ

በአንድ ቁጭታ አንብቡት። ኤድጋር አለን ፖ የሚባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1842 አጭር ታሪክ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ፣ ከግማሽ ሰአት እስከ አንድ ሁለት ሰአት የሚወስድ፣ ሙሉው ደግሞ አንድ ስሜት ለመፍጠር የተሰራ ነው ብሎ ጽፏል። ዛሬ ግማሽ ነገ ግማሽ ካነበባችሁት ስሜቱ ይቆረጣል። ማታውቁት ቃል ሲመጣ እለፉት። ዲክሽነሪ አትክፈቱ። እኔ አንድ ልጅ አስጠና ነበር፣ የመጀመሪያውን ፓራግራፍ ቃል በቃል ሲፈታ አንድ ሰአት ፈጀና ታሪኩን ሳይጀምረው ጠላው።

ስትጨርሱ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ሶስት መስመር ጻፉ፣ በአማርኛ። አዎ በአማርኛ። ምን ተሰማኝ፣ የት ጋ ደነገጥኩ፣ ማን አናደደኝ። "በእንግሊዝኛ አስቡ" ሚሉ መምህራን አሉ፣ አከብራቸዋለሁ ግን በዚች ላይ አልስማማም፣ ስሜት መጀመሪያ ሚመጣው በአፍ መፍቻ ነው፣ በእንግሊዝኛ ጻፉ ስትባሉ ሁላችሁም "ታሪኩ በጣም ኢንተረስቲንግ ነው" ብላችሁ ነው ምታልፉት። እህቴ እዛ ጋ የጻፈችው "ባልየው አሳዘነኝ፣ እሷ አናደደችኝ፣ መጨረሻ ላይ ግን እሷም አሳዘነችኝ" የሚል ነው። በቃ ይሄ ወርቅ ነው፣ ከንዴት ወደ ማዘን የተቀየረችበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ እሱ ቦታ መታጠፊያ ነው።

ገጹን መከፋፈል

ኮርኔል ኖት የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል፣ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዋልተር ፖክ በ1950ዎቹ ያመጣው ነው። ገጹ ሶስት ቦታ ይከፈላል፣ በግራ ጠባብ፣ በቀኝ ሰፊ፣ ከታች አምስት ስድስት መስመር። እኔ ለታሪክ እንዲመች ትንሽ ቀይሬዋለሁ። በግራ በኩል ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ በማስመሪያ አስምሩና እዛ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፣ በአማርኛም ቢሆን ችግር የለውም። በቀኝ ማስረጃው፣ በእንግሊዝኛ፣ ከጽሁፉ የተቀዳ፣ ከፓራግራፍ ቁጥር ጋ። ከታች መልሱ፣ በራሳችሁ እንግሊዝኛ፣ ሁለት ሶስት ዓረፍተ ነገር። ጥያቄ፣ ማስረጃ፣ መልስ። ፈተና ላይ ምትሰሩትም እሱኑ ነው።

ሁለተኛ ንባብ፦ እርሳስ ይዛችሁ

አሁን ቀስ ብላችሁ ታነባላችሁ፣ አራት ምልክት ብቻ ነው ያላችሁ። ነገሩ ሲታጠፍ ቀስት። ግራ ሲገባችሁ የጥያቄ ምልክት። ልትጠቅሱት ምትችሉት መስመር ስር ሰረዝ። ማታውቁትና ተመልሶ ተመልሶ ሚመጣ ቃል ላይ ክብ። ቃሉ አንዴ ብቻ ከመጣና ታሪኩ ያለሱ ከገባችሁ እርሱት። ለአንድ ታሪክ ከአስር ቃል በላይ አትያዙ።

ስለ ቃል ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። እህቴ የሰራችበት ታሪክ የጊ ደ ሞፓሳን "ዘ ኔክሌስ" ነው፣ 1884 ላይ በፈረንሳይኛ የወጣ። ብዙ የእንግሊዝኛ ኮፒዎች መጨረሻ ላይ ሐብሉ "ፔስት" ነበር ይላሉ። እህቴ ሙጫ ነው ብላ አሰበች፣ ጓደኛዋ ደግሞ "ኮፒ ፔስት" ነው አለቻት፣ ሁለቱም ሳይገባቸው የታሪኩን ዋና ዓረፍተ ነገር አለፉት። እዛ ጋ ፔስት ማለት አልማዝ እንዲመስል የተሰራ ብርጭቆ ነው፣ አርቴፊሻል። ስለዚ ክብ ሚገባበት ቃል ማለት እንደዚ አይነቱ ነው፣ ቀላል መስሎ ታሪኩን ተሸክሞ የቆመ። ረጅም ቃል ሁሉ ከባድ አይደለም፣ አጭር ቃል ሁሉ ቀላል አይደለም።

ደግሞ ይሄ ታሪክ ትርጉም ስለሆነ ኮፒዎቹ ይለያያሉ፣ አንዱ ፔስት ሲል ሌላው "ኢሚቴሽን" ይላል። ስትጠቅሱ ክፍል ውስጥ ከተሰጣችሁ ኮፒ ላይ ጥቀሱ፣ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ዓረፍተ ነገር አምጥታችሁ ብትለጥፉት መምህሩ "ይሄ እኛ ያነበብነው ላይ የለም" ሊላችሁ ነው።

ኖቱን መሙላት

እዚ ጋ ነው ረዘም ምልባችሁ።

ልጆች ፕሎት፣ ሴቲንግ፣ ፖይንት ኦፍ ቪው፣ ፎርሻዶዊንግ ሲባሉ አዲስ ነገር የመጣ ይመስላቸዋል። አማርኛ ክፍል ተምራችሁታል እኮ! ሴራ፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ ጭብጥ፣ አንጻር፣ ንግር፣ ምልሰት። ፎርሻዶዊንግ ንግር ነው፣ ፍላሽባክ ምልሰት ነው፣ አይረኒ ምጸት ነው፣ ቶን ቃና ነው። ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፏቸውና ከዛ በኋላ አትፍሯቸው።

መቼት። ቃሉ ራሱ መቼ እና የት ተጋጥመው ነው የተሰራው፣ ስለዚ ሁሉም ልጅ "ፓሪስ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን" ብሎ ጽፎ ያልፋል። ይሄ ማርክ አያመጣም። በግራ በኩል ያለው ጥያቄ "የት" መሆን የለበትም፣ "ቦታውና ጊዜው ምን አደረገ" ነው መሆን ያለበት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 2,000 አትሞላም፣ ጠዋት ጃኬት ለብሶ ከፒያሳ የተነሳ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ነው ሚሄደው። ቦታው ሰውየውን አንድ ነገር አስደረገው አይደል? "ዘ ኔክሌስ" ላይም እንደዛ ነው። ግብዣው ጥር 18 ነው፣ በነሱ ጃንዋሪ፣ ብርድ። ማቲልድ፣ ሐብሉን የተዋሰችው ሴትዮ፣ ከጭፈራው ስትወጣ ባሏ የዘወትር ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፣ ሌሎቹ ሴቶች ጸጉራም ካባ ለብሰዋል፣ እሷ ይሄንን ልብስ እንዳያዩባት ብላ "ቆይ ብርድ ይመታሻል ጋሪ ልጥራ" እያላት ሮጣ ወጣች። ሐብሉ እንደጠፋ ያወቁት ቤት ሲደርሱ ነው። ብርድ ባይሆን ያ ልብስ አይኖርም፣ ልብሱ ባይኖር አትሮጥም። ይሄን ስነግራት እህቴ ጋቢዋን አየት አደረገችና ሳቀች። ይሄንን በቀኝ በኩል ከነፓራግራፉ ካስቀመጣችሁ መቼት አለቀ።

ገጸ ባሕርይ። "ማቲልድ ኩሩ ናት፣ ባሏ ደግ ነው" አይበቃም። አንድ ቅጽል በጻፋችሁ ቁጥር "ምን ስታደርግ አየሁ" ብላችሁ ጠይቁ። ባልየው ለጠመንጃ ያጠራቀመውን 400 ፍራንክ ለቀሚሷ ሰጣት። ሐብሉ ሲጠፋ ሌሊቱን በእግሩ እየፈለገ አነጋ። ከአባቱ የወረሰውን 18,000 ፍራንክ ከፈለ። ይሄ ደግነት ነው ወይስ እምቢ ማለት አለመቻል? እኔና እህቴ እዚ ላይ ተጨቃጨቅን፣ አልተስማማንም፣ ሁለቱንም ጻፍን። ኖት ላይ ጭቅጭቅ ካለ ጥሩ ኖት ነው።

ከዛ ደግሞ ለውጡን። መጀመሪያ ላይ ማቲልድ ሀብታም ጓደኛዋን ጠይቃ ስትመለስ ታለቅሳለች። ከአስር አመት በኋላ ውሃ ተሸክማ ደረጃ ትወጣለች፣ ቅርጫት ይዛ ገበያ ላይ ለሳንቲም ትከራከራለች፣ ሰኞ ገበያ ያሉ እናቶችን አስቡ፣ እና በመጨረሻ ጓደኛዋን ራሷ ሄዳ ነው ምታናግራት፣ ቀና ብላ። ገጽ መሃል ላይ መስመር አስምራችሁ በዚህ በኩል "በፊት" በዚያ በኩል "በኋላ" ብላችሁ ሁለት ሁለት ማስረጃ አስቀምጡ።

አንጻር፣ ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚተረክ። ልጆች "ሰርድ ፐርሰን" ብለው ያቆማሉ። ጥያቄው "ሌላ ሰው ቢተርከው ምን ይሆን ነበር" ነው። ታሪኩን ሐብሉን ያዋሰችው ማዳም ፎሬስቲዬ ብትተርከው ኖሮ ገና ስታውሳት "አርቴፊሻል ነው" ብላ ታሪኩን ትገድለው ነበር። ተራኪው ከማቲልድ ጀርባ ስለሚሄድ ግን እሷ ማታውቀውን እኛም አናውቅም። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ግን ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት ከክፍሉ ምትለያችሁ።

ንግር፣ ደራሲው መጨረሻውን አስቀድሞ ሲጠቁም። ይሄኛው ነው እህቴን ሰባት ማርክ ያስከፈላት። ንግርን በአንደኛ ንባብ አታገኙትም፣ መጨረሻውን ካወቃችሁ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ነው ምትለቅሙት፣ ስለዚ ሶስተኛ ንባብ ያስፈልገዋል፣ ግን ሙሉ አይደለም፣ ዓይናችሁን ጣል እያደረጋችሁ ነው። ሦስት አገኘን። አንደኛ፣ ማቲልድ ፈራ ተባ እያለች "ይቺን ታውሺኛለሽ?" ስትል ፎሬስቲዬ ምንም ሳታቅማማ እሺ አለች፣ የእውነት አልማዝ ቢሆን ማን እንደዛ ይሰጣል? ሁለተኛ፣ ሐብሉ ሲጠፋ በማስቀመጫው ሳጥን ላይ ስሙ ወዳለው ጌጣጌጥ ሻጭ ሄዱ፣ ሰውየው መዝገቡን አይቶ ሐብሉን እኔ አልሸጥኩም ሳጥኑን ብቻ ነው የሸጥኩት አላቸው። ሳጥኑ የሌላ ከሆነ ሐብሉስ? ሦስተኛ፣ አዲሱን ስትመልስላት ፎሬስቲዬ ሳጥኑን ከፍታ እንኳን አላየችም። ሦስቱም ከላይ ሲታዩ ተራ ናቸው። አማርኛ ለምናውቅ ይሄ ሰምና ወርቅ ነው፣ በመጀመሪያ ንባብ ሰሙን፣ ተመልሳችሁ ስታነቡ ወርቁን።

ምጸት፣ የታሰበውና የሆነው ሲገላበጥ። ብር ካለ ብሩን ቁጠሩት! ሻጩ 40,000 ጠየቀ፣ በ36,000 ተስማሙ፣ ግማሹን ከውርስ ግማሹን ተበድረው ከፈሉ፣ አስር አመት። መጨረሻ ላይ የድሮው ሐብል ቢበዛ 500 ፍራንክ ነበር። ሲካፈል 72 እጥፍ ነው። ይሄን ቁጥር ደብተራችሁ ጥግ ላይ በቀይ ጻፉት፣ ምጸት ምን እንደሆነ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ እሱ ይነግራችኋል፣ የተደረገው ሁሉ ለምንም ነበር።

ጭብጥ የመጨረሻ ነው፣ መጀመሪያ አትጻፉት። ሁለት ስህተት አለ። አንዱ "ጭብጡ ኩራት ነው" ማለት፣ ኩራት ርዕሰ ጉዳይ ነው፣ ጭብጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ስለ ኩራት ምን አለ? ሌላው ታሪኩን ተረት ማድረግ። እኛ ተረት ላይ አድገናል፣ "ተረቴን መልሱልኝ" ከመባሉ በፊት ምክሯ ትመጣለች፣ ስለዚ እህቴ የጻፈችው ጭብጥ "የሰው እቃ አትዋሱ" የሚል ነው፣ እናታችን ሰምታ "እውነቷን ነው" አለች፣ ሳቅን ግን አይደለም። ጠየቅኳት፣ ጠፋብኝ ብላ በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ብትናገርስ? ዝም አለች፣ ከዛ "በአንድ ቀን ያልቅ ነበር" አለች። እንግዲያው የከፈለችው ለሐብሉ ነው ወይስ ለመደበቁ? እዛ ጋ ነው ጭብጡ የመጣው፣ እውነቱን መደበቅ ከጠፋው እቃ በላይ አስከፈለ። ስትጨናነቁ አንድ የምታውቁት ተረትና ምሳሌ ጎኑ ላይ ጻፉ፣ እሷ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ብላ ጻፈች፣ ልክ አይደለም እንኳን ብትሉ መነሻ ይሆናል፣ እዚ ታሪክ ላይ ሲጠራ አስር አመት አልፎ ነው።

ክፍል ውስጥ

40 ደቂቃ ነው፣ ስም ሲጠራ ሰሌዳ ሲጠፋ ሰላሳ ደቂቃ ነው ሚተርፈው፣ ስለዚ ቤት ሞልታችሁ ሂዱና ክፍል ውስጥ በቀይ ብቻ ጨምሩ። ሰሌዳ ላይ ያለውን ሁሉ አትገልብጡ፣ መምህሩ ሁለቴ የተናገረውን ጻፉ፣ ሰሌዳ ላይ ሳይጽፈው በአፉ ብቻ ያለውን ደግሞ በተለይ። የሰዎቹን ስም በመጀመሪያ ፊደል አሳጥሩት። ጓደኛችሁ የተለየ ነገር ሲናገር ጻፉት፣ ባትስማሙም። ኋላ ወንበር ላይ ሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር የኛ ክፍል፣ አመት ሙሉ ሁለቴ ነው የተናገረው፣ ሁለቱም ፈተና ላይ መጣ።

መምህሩ ሰሌዳ ላይ እንደ ተራራ የሆነ መስመር ከሳለ ፍሬይታግ የሚባል ጀርመናዊ በ1863 ለድራማ ያወጣው ነው፣ መግቢያ፣ መውጣት፣ ጫፍ፣ መውረድ፣ መጨረሻ። ጥሩ ነው ግን እንዲህ አይነቱ ታሪክ ጫፉ መጨረሻው መስመር ላይ ስለሆነ ተራራው ልክ አይመጣም፣ ልክ እንዲመጣ ብላችሁ ታሪኩን አታጣሙት።

ቡድን ስራ ላይ ደግሞ፣ ያው አንዱ ይሰራል አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ፣ ስለዚ እኔ ማደርገው ለእያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ መስጠት ነው፣ "አንተ ባልየው ነህ፣ ጥፋተኛ አይደለሁም በል፣ ከነማስረጃው" ትሉታላችሁ። ቡና ተፈልቶ ከሆነ እስከ በረካ ድረስ ክርክሩ አያልቅም።

ከክፍል በኋላ

ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው ያጠናነው ነገር ብዙው ሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰአታትና ቀናት ነው። ስለዚ የዛኑ ቀን ማታ አስር ደቂቃ፣ ከሶስት ቀን በኋላ አስር ደቂቃ፣ ከሳምንት በኋላ አንዴ። አስር ደቂቃው ማንበብ አይደለም፣ የቀኙን በወረቀት ሸፍናችሁ የግራውን ጥያቄ እየጠየቃችሁ ጮክ ብላችሁ መመለስ ነው። ጮክ ስትሉ ሰው ይሰማል ካላችሁ ይስማ፣ የኔ ታናሽ ወንድም 7ኛ ክፍል ሆኖ "ዘ ኔክሌስ"ን በቃሉ ያውቀዋል ከሷ ሲሰማ።

ያልመለሳችሁት ጥያቄ አጠገብ ነጥብ አድርጉ። ሶስት ነጥብ የደረሰበትን ብቻ ነው ከዛ በኋላ ምታጠኑት።

ሁለት ታሪክ ሲሆን ማነጻጸሪያ ገጽ ጨምሩ። ለምሳሌ የኦ ሄንሪ "ዘ ጊፍት ኦፍ ዘ ማጃይ" 1905 ላይ የወጣ፣ እዛም ሴትና ባል አለ፣ እዛም ብር ይቆጠራል፦ ዴላ 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ብቻ ነው ያላት፣ ጸጉሯን በ20 ሸጠች፣ ለባሏ ሰአት ሰንሰለት በ21 ገዛች፣ 87 ሳንቲም ይዛ ተመለሰች። እሱ ደግሞ ሰአቱን ሸጦ የጸጉር ማበጠሪያ ገዝቶላታል። ሁለቱም ታሪክ መጨረሻው ላይ ምጸት ነው፣ ሁለቱም እቃው ጥቅም የሌለው ሆኖ ተገኘ፣ ግን አንዱ ስታነቡት ሆድ ይበላል አንዱ ደግሞ ያስፈግጋል። ለምን? በግራ በኩል ይቺን ጥያቄ ጻፉና መልሱን ራሳችሁ ፈልጉት፣ ፍንጭ፣ በአንዱ ታሪክ ባልና ሚስቱ የሰጡት ለማን ነው፣ በሌላው የደበቁት ከማን ነው። ትዝታ ሜጀርና ማይነርን ምትለዩ የወሎ ልጆች ቃና ምን እንደሆነ ለናንተ አይነገርም።

ቴሌግራም ላይ ሚዞረው ሰመሪ ላይ አንድ ነገር፣ ማየት ትችላላችሁ ግን የራሳችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ደግሞ ፓራግራፍ ቁጥር የሌለው ነገር ስታዩ ሄዳችሁ ኮፒው ላይ ፈልጉት። እህቴ ያገኘችው ሰመሪ ማቲልድ ሐብሉን ሰረቀች ይላል። በየትኛው ፓራግራፍ?

ፈተናው ሲደርስ

አንድ ታሪክ አንድ ገጽ፣ ፊትና ጀርባ አይደለም፣ ፊት ብቻ። ከላይ ርዕስ፣ ደራሲ፣ አመት። ከዛ ሦስት መታጠፊያ ከነፓራግራፋቸው። ከዛ ሦስት አጭር ጥቅስ፣ እያንዳንዱ ከስምንት ቃል ያልበለጠ፣ ረጅም ጥቅስ በቃል ስትይዙ ትሳሳታላችሁ፣ የተሳሳተ ጥቅስ ከምንም ይብሳል። ከዛ ጭብጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ማትሪክ ላይ ሚመጣው ምርጫ ነው፣ ምንባቡም አዲስ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ይሄ ገጽ እንዳለ አይረዳችሁም፣ ግን "ከየት አወቅሽ" ብላችሁ መጠየቅ የለመደ ጭንቅላት ምርጫዎቹን ሲያይ ማስረጃ የሌለውን ቶሎ ይጥለዋል።

የትምህርት ቤት ፈተና ላይ ጽሁፍ ከመጣ እያንዳንዱን መልስ በሶስት ዓረፍተ ነገር ስሩት፣ አንዱ ሀሳባችሁ፣ ሁለተኛው ጥቅሱ፣ ሶስተኛው ጥቅሱ ሀሳባችሁን እንዴት እንደሚደግፍ። ሶስተኛውን ነው ሁሉም ሚረሳው። ጥቅሱን አስቀምጦ "ይሄው" ብሎ ይሄዳል። አይ፣ አስረዱት፣ አራሚው አምሳ ወረቀት አርሞ ደክሞታል፣ ራሱ እንዲያስብላችሁ አትጠብቁ።

እህቴ ድጋሚ ቴስት አልተሰጣትም፣ ሦስቱ ሦስት ሆኖ ቀረ። ትላንት ግን አዲስ ታሪክ ተሰጣቸው፣ ማታ ሳያት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፓራግራፍ እየቆጠረች ነው፣ 31 ላይ ደርሳ ነበር፣ አናገርኳት፣ አልመለሰችልኝም።